አንድ ስም፣ ሁለት ልክ፦ የፋይል መጠን መለኪያዎች አለመጣጣምና የመምህሩ ድርሻ

መግቢያ

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ብሂል ስለ ፍርድ ቢነገርም የተወለደው በገበያ ነው። በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በደጀን፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ እህል ለረጅም ዘመን ሲሰፈር የኖረው በቁና ነው። በልማድ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። ይሁን እንጂ ቁና በሰው እጅ የሚሰፋ ዕቃ በመሆኑ ስፋቱ ከሰፊ ሰፊ፣ ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ አንዱ አፉን ጠርጎ ሲሰፍር ሌላው ከምሮ ይሰፍራል። ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ሁለትና ሦስት ስለሚሆን፣ አስተዋይ ገዢ ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት «በየትኛው ቁና?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

የመሬት ልክም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። ጥማድ ማለት አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነው። በሬው ሲበረታና ሲደክም፣ አፈሩም ሲላላና ሲጠብቅ ጥማዱ ይሰፋል፤ ይጠባል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥማድ እንደ ሩብ ሄክታር የሚቈጠረው፣ የቀድሞው ስም ከታወቀና ከማይለወጥ ልክ ጋር እንዲታሰር በመደረጉ ነው። የኪሎ ግራምና የሄክታር ጥቅምም ይኸው ነው፤ በደብረ ማርቆስ የተመዘነ አንድ ኩንታል ጤፍ አዲስ አበባ ሲደርስም ያው 100 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ብዙ ሰው ኮምፒዩተርን የሚያክል የስሌት መሣሪያ በልክ ረገድ ከቁና ዘመን ችግር ፈጽሞ የተላቀቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኮምፒዩተር ላይ የሚታዩት ኪሎ ባይት፣ ሜጋ ባይትና ጊጋ ባይት የሚባሉት መለኪያዎች እስከ ዛሬ ድረስ በሁለት ልዩ ልዩ ልኮች ይሠራባቸዋል፤ የትኛው እንደተሠራበት ደግሞ ማሳያው ብዙ ጊዜ አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን አለመጣጣም አመጣጥ ማስረዳት፣ በመማር ማስተማሩ ሥራ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ማመልከትና በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች እንዴት ሊሰጥ እንደሚገባው መጠቆም ነው።

ችግሩ በተግባር ሲታይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። በጮቄ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ደካማ በመሆኑ የሳይንስ ትምህርት ቪዲዮዎችን በፍላሽ ዲስክ ቀድቶ ለመውሰድ ወደ ደብረ ማርቆስ ቢመጣ፣ ቪዲዮዎቹ የተቀመጡበት የኮምፒዩተር ማኅደር 15.2 ጊጋ ባይት ይላል። የያዘው አዲስ ፍላሽ ደግሞ በላዩ ላይ 16 ጊጋ ባይት ተብሎ ተጽፎበታል። መምህሩ 15.2 ከ16 ያነሰ መሆኑን አይቶ ይቀዳል። ቅጂው ከመጠናቀቁ በፊት ግን ኮምፒዩተሩ ቦታ አልበቃም ይለዋል። ፍላሹን ከፍቶ ሲመለከት መጠኑ 16 ሳይሆን 14.9 ጊጋ ባይት ሆኖ ይታየዋል። ያን ጊዜ ሻጩ እንዳታለለው ያምናል፤ ወይም ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

ሻጩ ግን አላታለለም፤ ፍላሹም አልተበላሸም። አምራቹ 16 ጊጋ ባይት ሲል 16,000,000,000 ባይት ማለቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ አንድ ጊጋ ባይት የሚለው 1,073,741,824 ባይትን ነው። 16 ቢሊዮኑ በዚህ ቁጥር ሲካፈል 14.9 ይመጣል። በሌላ በኩል በኮምፒዩተሩ 15.2 ጊጋ ባይት የተባለው ማኅደር ወደ ባይት ሲመለስ 16,320,000,000 ያህል ነውና፣ ከፍላሹ አቅም በ320 ሚሊዮን ባይት ያህል ይበልጣል። ሁለቱም ወገኖች እውነት ተናግረዋል፤ የሰፈሩት ግን በተለያየ ቁና ነው። በመካከሉ የተጐዳው ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ያሰበውን የመጨረሻ ትምህርት ሳይዝ የተመለሰው መምህር ነው።

የሁለቱ አቈጣጠሮች አመጣጥ

ኪሎ የሚለው ቅጥያ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ሺህ ማለት ነው። በፈረንሳይ በ1795 እ.ኤ.አ. በወጣው የሜትር ሥርዓት ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ሥርዓት ሲጸድቅም ኪሎ ሺህ፣ ሜጋ ሚሊዮን፣ ጊጋ ቢሊዮን ሆነው ጸኑ። አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር፣ አንድ ኪሎ ግራም 1,000 ግራም መሆኑን ማንም ተማሪ ያውቃል።

የኮምፒዩተር ማስታወሻ ግን በአሥር አይቈጥርም። ማንኛውም መረጃ በውስጡ የሚቀመጠው በሁለት ሁኔታዎች ብቻ፣ ይኸውም በዜሮና በአንድ ነው። የማስታወሻው ክፍሎች አድራሻ የሚሰጣቸውም በዚሁ መንገድ ነው። አንድ የአድራሻ መስመር ቢኖር 2 ቦታዎችን መለየት ይቻላል፤ ሁለት መስመሮች 4፣ ሦስት መስመሮች 8 ቦታዎችን ይለያሉ። እያንዳንዱ ተጨማሪ መስመር የቦታዎቹን ብዛት እጥፍ ስለሚያደርገው፣ አሥር መስመሮች ሲሆኑ የሚገኘው 1,024 ነው። ስለዚህ ለማስታወሻ ሠሪዎች የተመቸው ቁጥር 1,000 ሳይሆን 1,024 ሆነ።

የቀደሙት መሐንዲሶች 1,024 ለ1,000 እጅግ የቀረበ መሆኑን አይተው፣ አዲስ ስም ከማውጣት ይልቅ ኪሎ የሚለውን ስም ተዋሱ። በዚያ ዘመን የአንድ ኮምፒዩተር ማስታወሻ በጥቂት ኪሎ ባይት የሚቈጠር ስለነበረ፣ ከመቶ 2.4 ብቻ የሆነው ልዩነት ማንንም አላስጨነቀም። የዲስክ አምራቾችና የመገናኛ መስመር መሐንዲሶች በበኩላቸው ዕቃቸው በእጥፍ የሚያድግበት ምክንያት ስለሌለው በ1,000 መቍጠራቸውን ቀጠሉ። በዚህ ሁኔታ ሁለቱ አቈጣጠሮች፣ አሥርዮሹና ሁለትዮሹ፣ በአንድ ስም አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ገቡ።

የመደባለቁ ጥግ የታየው በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይሠራበት የነበረው ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ «1.44 ሜጋ ባይት» ይባል ነበር። ትክክለኛ ይዞታው 1,474,560 ባይት ነው። ይህ በአሥርዮሽ ሲቈጠር 1.47፣ በሁለትዮሽ ሲቈጠር 1.41 ያህል ሜጋ ባይት ይሆናል። 1.44 የሚለው ቁጥር የሚገኘው አንዱን ሺህ 1,024፣ ሌላውን ሺህ 1,000 አድርጎ በማባዛት ብቻ ነው። ስያሜው ከሁለቱም ሥርዓቶች የአንዱ እንኳ አልነበረም ማለት ነው።

ልዩነቱ እያደር መስፋቱ

የአገሬው ሰዓትና በኮምፒዩተር ጥግ የሚታየው ሰዓት እንደማይገጣጠሙ ተማሪዎች ሁሉ ያውቃሉ። ማሳያው ከቀትር በኋላ 3 ቢል በኢትዮጵያ አቈጣጠር 9 ሰዓት ነው። ይህ ልዩነት ምንጊዜም 6 ሰዓት ስለሆነ አንድ ጊዜ ያወቀው ሰው አይሳሳትም። የባይት መለኪያዎች ልዩነት ግን እንዲህ ጸንቶ የሚኖር አይደለም፤ መለኪያው ባደገ ቍጥር ይሰፋል። ይህም ከሚከተለው ዝርዝር ይታያል።

ኪሎ፦ በአሥርዮሽ 1,000፤ በሁለትዮሽ 1,024፤ ልዩነቱ ከመቶ 2.4።
ሜጋ፦ በአሥርዮሽ 1,000,000፤ በሁለትዮሽ 1,048,576፤ ልዩነቱ ከመቶ 4.9 ያህል።
ጊጋ፦ በአሥርዮሽ 1,000,000,000፤ በሁለትዮሽ 1,073,741,824፤ ልዩነቱ ከመቶ 7.4 ያህል።
ቴራ፦ በአሥርዮሽ 1,000,000,000,000፤ በሁለትዮሽ 1,099,511,627,776፤ ልዩነቱ ከመቶ 10 ያህል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ የ1,024 እና የ1,000 ልዩነት እንደገና ስለሚባዛ፣ በኪሎ ላይ የተናቀው ትርፍ በቴራ ላይ አንድ አሥረኛ ይደርሳል። 500 ጊጋ ባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ 465.7፣ አንድ ቴራ ባይት የተባለው ደግሞ 931 ጊጋ ባይት ያህል ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ በአሜሪካ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዌስተርን ዲጂታል የተባለው የዲስክ አምራች በ2006 እ.ኤ.አ. የቀረበበትን ክስ ከገዢዎች ጋር በስምምነት ጨርሷል።

አንድ ፋይል በልዩ ልዩ ማሳያዎች

ግራ መጋባቱን ለማስቀረት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. ለሁለትዮሹ አቈጣጠር የራሱን ስሞች አጸደቀ። በዚህም መሠረት 1,024 ባይት ኪቢ ባይት፣ 1,048,576 ባይት ሜቢ ባይት፣ 1,073,741,824 ባይት ጊቢ ባይት ተባሉ። «ቢ» የምትለው ድምፅ ሁለትዮሽነትን ታመለክታለች። ኪሎ፣ ሜጋና ጊጋ ደግሞ ለአሥርዮሹ ብቻ እንዲቀሩ ተወሰነ። ደንቡ ግልጽና ቀላል ነው፤ ሆኖም የሶፍትዌር ሠሪዎች ሁሉ አልተቀበሉትም።

ዛሬ ያለውን ሁኔታ ለመረዳት በትክክል 3,500,000 ባይት የሆነ አንድ የፎቶግራፍ ፋይል መውሰድ ይበቃል። ፋይሉ በዊንዶውስ የመግለጫ መስኮት ሲታይ 3.33 ሜጋ ባይት ይላል፤ ዊንዶውስ በ1,024 እየቈጠረ ስሙን ግን በአሮጌው ሜጋ ይጠራልና። በዚያው በዊንዶውስ ፋይሎች በዝርዝር በሚታዩበት ገጽ ላይ ያው ፋይል 3,418 ኪሎ ባይት ይባላል። ተማሪው 3,418ን ለ1,000 ቢያካፍል 3.42 ያገኛል፤ ይህም ከ3.33ም ሆነ ከ3.5 አይገጥምለትም። የአፕል ኮምፒዩተሮች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1,000 ስለሚቈጥሩ ይህንኑ ፋይል 3.5 ሜጋ ባይት ይሉታል። ከሊኑክስ ወገን ኖም የተባለው ማሳያ እንደ አፕል በአሥርዮሽ ሲቈጥር፣ ኬዲኢ የተባለው ደግሞ በሁለትዮሽ ቈጥሮ አዲሱን ስም በመጠቀም 3.3 ሜቢ ባይት ብሎ ይጽፋል።

ከእነዚህ ሁሉ የኬዲኢው አጻጻፍ ስምንና ልክን በማስማማቱ፣ የአፕልና የኖምም ኪሎን እንደ ሌላው ሳይንስ ሁሉ ሺህ በማድረጋቸው ደንቡን ይከተላሉ። ዊንዶውስ ግን በብዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የሚገኝ ስለሆነ፣ ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚያውቀው የእርሱን አቈጣጠር ነው።

ተያይዘው የሚመጡ ሌሎች ስሕተቶች

ከሁለቱ አቈጣጠሮች ጋር ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የፋይሉ መጠንና ፋይሉ በዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ልዩነት ነው። ዲስክ ቦታውን የሚያድለው ባይት በባይት ሳይሆን በድልድል ነው፤ አንድ ድልድል ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት ይሆናል። በመጋዘን ውስጥ ግማሹ ብቻ የሞላ ጆንያ የአንድ ጆንያ ቦታ እንደሚይዝ ሁሉ፣ የመጨረሻው ድልድል ባይሞላም ሙሉ ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ 3,500,000 ባይት የሆነው ፋይል 855 ድልድሎችን ወስዶ በዲስክ ላይ 3,502,080 ባይት ይይዛል። ይህ ከ1,000ና ከ1,024 ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ጉዳይ መሆኑ ተለይቶ ሊነገር ይገባል።

ሁለተኛው የቢትና የባይት ልዩነት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የፋይል መጠን በባይት ሲነገር የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው። በላቲን አጻጻፍ ሁለቱን የሚለያቸው የአንዲት ፊደል ትልቅና ትንሽ መሆን ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይሳሳታሉ። በሴኮንድ 4 ሜጋ ቢት የሚባል መስመር በሴኮንድ የሚያስተላልፈው ቢበዛ 500,000 ባይት ነው፤ 3,500,000 ባይቱ ፋይል ቢያንስ 7 ሴኮንድ ይፈጅበታል እንጂ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ አይደርስም። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከመቶ 5 ወይም 7 ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው።

ጉዳቱ በትምህርት ሥራ ላይ

አንዳንድ ሰው «ይህ የባለሙያዎች ክርክር ነው፤ መምህርን ምን ያገባዋል?» ሊል ይችላል። ሆኖም ጉዳዩ በቀጥታ መምህሩን የሚነካባቸው ቢያንስ ሁለት ሁኔታዎች አሉ።

አንደኛው ፈተና ነው። «አንድ ኪሎ ባይት ስንት ባይት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ የመልስ ቁልፉ 1,024 ቢል፣ 1,000 ብሎ የመለሰው ተማሪ ነጥብ ያጣል። ይህ ተማሪ ግን በሒሳብና በፊዚክስ ክፍል ኪሎ ማለት ሺህ መሆኑን የተማረና ትምህርቱን በታማኝነት ተግባራዊ ያደረገ ነው፤ ዓለም አቀፉ ደንብም ከእርሱ ጋር ነው። በአንጻሩ 1,024 ያለው ተማሪ በዊንዶውስ ማሳያና ለረጅም ዘመን በቆየው ልማድ ይደገፋል። ስሕተቱ ያለው ከተማሪዎቹ በአንዱ ዘንድ ሳይሆን በጥያቄው ውስጥ ነው። አንድ ልጅ ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ሲቀጣ የሚማረው፣ በአንዱ ክፍል የሰማው እውነት በሌላው ክፍል እንደማያገለግል ነው። ይህ ከአንድ ነጥብ መጉደል የከፋ ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃና ሪፖርት በኮምፒዩተር ሲላክ የሚያጋጥመው ነው። የማመልከቻ ፋይል ከ2 ሜጋ ባይት መብለጥ የለበትም የሚል መመሪያ ቢወጣና የአንድ መምህር ፋይል 2,050,000 ባይት ቢሆን፣ በዊንዶውስ ላይ 1.95 ሜጋ ባይት ብሎ ስለሚያሳየው መምህሩ ያለ ሥጋት ይልከዋል። ተቀባዩ ፕሮግራም በ1,000 የሚቈጥር ከሆነ ግን ፋይሉ ከተፈቀደው በልጧል ብሎ ይመልሰዋል። በማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ይህ ቢደርስ፣ ስለ 50,000 ባይት ሲባል አንድ ዕድል ሊያመልጥ ይችላል።

በክፍል ውስጥ እንዴት ይሰጥ?

ትምህርቱ ከቁጥር ሳይሆን ከስፍር ቢጀምር ይመረጣል። መምህሩ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ጣሳዎችና ጥቂት ስንዴ ይዞ ይገባል፤ ጣሳዎቹን ለሁለት ቡድን ሰጥቶ ያንኑ ስንዴ በየተራ እንዲሰፍሩት ያደርጋል። አንደኛው ቡድን 9 ጣሳ፣ ሌላው 12 ጣሳ ነው ሊል ይችላል። ክርክሩ ከተነሣ በኋላ ስንዴው በሚዛን ይመዘናል። ተማሪዎቹ የስንዴው ብዛት አለመለወጡን፣ የተለወጠው መስፈሪያው ብቻ መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። የገበያ ልጆች በመሆናቸውም ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ቀጥሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ይኬዳል። ተማሪዎቹ አንድን ፋይል መርጠው የመግለጫ መስኮቱን ይከፍታሉ። በዊንዶውስም ሆነ በአፕል በዚህ መስኮት ውስጥ ሙሉው የባይት ቁጥር ከተጠቃለለው ቁጥር አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ሚዛኑ ይህ ቁጥር ነው። ተማሪዎቹ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ለ1,000,000፣ ከዚያም ለ1,048,576 አካፍለው፣ ኮምፒዩተሩ ያሳየው ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል። ኮሌጁ ሌላ ዓይነት ማሳያ ያለው ኮምፒዩተር ካለው በዚያም ላይ ደግመው ያነጻጽራሉ፤ ከሌለው ፍላሽ ዲስክ ይበቃል፤ በላዩ የተጻፈውና በማሳያው የሚታየው ቁጥር ሁለቱን አቈጣጠሮች ጐን ለጐን ያቀርባቸዋልና።

በሦስተኛ ደረጃ ዕጩ መምህራኑ ጥያቄ ማውጣትን ይለማመዳሉ። «አንድ ኪሎ ባይት ስንት ባይት ነው?» በሚለው ፋንታ «አንድ ዲስክ 500,000,000,000 ባይት ይይዛል፤ በ1,024 የሚቈጥር ፕሮግራም ስንት ጊጋ ባይት ብሎ ያሳየዋል?» ብለው መጠየቅን ይማራሉ። እንዲህ ያለው ጥያቄ አቈጣጠሩን አስቀድሞ ስለሚናገር አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ይኖረዋል፤ የሚፈትነውም የተማሪውን ማስተዋል እንጂ የመጽሐፉን ልማድ መገመቱን አይደለም። መመሪያ የሚያወጡ ክፍሎችም «2 ሜጋ ባይት» ብለው ከመተው ይልቅ «2 ሜጋ ባይት፣ ማለትም 2,000,000 ባይት» ብለው ቢጽፉ፣ በጥቂት ቃላት ብዙ ውጣ ውረድ ያስቀራሉ።

መደምደሚያ

የባይት መለኪያዎች አለመጣጣም ከማስታወሻና ከዲስክ አሠራር ልዩነት የተወለደ፣ በልማድም የጸና ነገር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ መፍትሔውን ቢያሳይም የሶፍትዌር ሠሪዎች እስካልተስማሙ ድረስ ሁለቱ አቈጣጠሮች አብረው ይኖራሉ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ ስፍራ ያለ መምህር ይህን ሊለውጥ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም፤ ልኩን ሳይገልጽ ስም ብቻ ከመጥራት መቈጠብ፣ ተማሪው ከተጠቃለለው ቁጥር ጀርባ ያለውን የባይት ብዛት እንዲያነብ ማስለመድና ሁለት መልስ ባለው ጥያቄ አንዱን ልጅ አለመቅጣት ይችላል። የጎጃም ገበሬ በየገበያው የሚለያይ ቁና ይዞ ሳይታለል የኖረው ከመስማማቱ በፊት «በየትኛው ቁና?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። በኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ተማሪም አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው።